የለቅሶ ቤት ምስር

— ተረት ተረት!
— የጓዳው በር ይከፈት!

እንግዲያ ቀረብ በሉ። ትንንሾቹን ወደ ውስጥ አስገቧቸው፣ ነፋስ አለ።

በድሮ ዘመን፣ ከቀይ ባሕር የሚነሡ ነጋዴዎች በሚያልፉበት አንድ መንደር፣ እመት ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጅ ነበራቸው። ልጁም ስንዱ የምትባል ሚስት አገባና ሴት ልጅ ወለደ። ሕፃኗ ጥርስ ሳታበቅል አባትየው ንዳድ ያዘውና ሞተ።

በዚያ መንደር አንድ ወግ ነበር። ሰው የሞተበት ቤት እስከ አርባው ድረስ እሳት አይነድበትም። ጎረቤት በየቤቱ ያበስልና ያመጣል። ደግ ወግ ነው። ያዘነ ሰው ድስት አይጣድ ብለው ነው።

ስንዱ ግን እህል አልቀምስ አለች። ዶሮ መጣ፣ ፊቷን አዞረች። ገንፎ በቅቤ መጣ፣ ፊቷን አዞረች። ከዚያም ጡቷ ደረቀ። ሕፃኗ የሌላ ሴት ጡት ሲሰጧት አልይዝ አለች፤ የፍየል ወተት ሲያጠጧት አስመለሰች። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። ኋላ ማልቀሱንም ተወችው። እመት ደብሪቱ የፈሩት ያን ዝምታ ነው። ልጃቸውን ቀብረዋል፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸው ልትከተለው ነው።

በግቢያቸው ጎቪንድ የሚባል የህንድ ነጋዴ ነበር። እግሩ ቢቆስል ጓደኞቹ ትተውት ሄዱና ሟቹ ነው ቤት ሰጥቶ ያሳረፈው። ይህ ሰው ሥጋ የሚባል አይበላም። ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅማ፦ «ዓመቱን ሙሉ የሚጾመው ምን ቢበድል ነው?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎቪንድ እያነከሰ መጣና፦ «እናቴ፣ እሳት ያንድዱ» አላቸው።

እመት ደብሪቱም፦ «ምን አልክ አንተ?» አሉት።

ጎቪንድም፦ «እዚህ ቤት ምግብ ይገባል እንጂ ምግብ አይሸትም። በእኛም መንደር ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም። አባቴ ሲሞት እናቴ እንዲሁ አፏን ዘጋች። እኛም ወጉን ጠበቅን። እናቴን ግን አጣናት» አለ።

እመት ደብሪቱ ምድጃውን አዩት። አመዱ ቀዝቅዟል። ለልጃቸው ሊያደርጉለት የቀራቸው ክብር እሳት አለማንደድ ብቻ ነበር። ከዚያም ተነሡና ጭራሮ ሰብረው እሳት አነደዱ፣ ምስርም ጣዱ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጢሱን ሲያዩ እየሮጡ መጡ፦ «ኧረ እመት ደብሪቱ! የልጅዎ አፈር ሳይደርቅ? አገር ምን ይላል?»

«አገር ጡት ካለው ይምጣና ያጥባ!» አሉ እመት ደብሪቱ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወደ ኋላ አጣፉ። ከዚያም፦ «በሉ እንግዲያ፣ ሽንኩርቱን ወዲህ በሉት» ብለው ተቀመጡ።

ጎቪንድ ከስልቻው ቅመም አወጣ። ድምብላል አለው፣ ከሙን አለው። ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድም አለው። ለየብቻ አመሳቸውና በሙቀጫ ወቀጣቸው። በአገሩ ማሳላ ይሉታል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንደ በርበሬ ከሽንኩርቱ ጋር ሊያቁላሉት እጃቸውን ሰደዱ።

«ተዉ፣ ተዉ!» አለ ጎቪንድ፦ «እንደ መከለሻችሁ ነው፤ ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው የሚገባው። ብዙ ከተንተከተከማ ሽታው ለጣሪያው ይቀራል።»

«ታዲያ ይህች ቁንጥር ናት ሰው የምታድን?»

«የሚያበረታትስ ምስሩ ነው። ይኼ ቅመም ሰውን ወደ ማዕድ ይጠራል እንጂ አያጠግብም።»

ምስሩ በሰለ። እመት ደብሪቱ በእጃቸው ቅመሙን ነሰነሱና አማሰሉት። ሽታው ተነሣ፣ ቤቱን ሞላው። ስንዱ መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አልዞረችም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። እመት ደብሪቱ ግን ሄደው አጠገቧ ተቀመጡና እንጀራውን በምስር ጠቀለሉ፦

«ልጄ፣ እኔም እናቱ ነኝ። እህል ለእኔም አልወርድ ብሎኛል። ነይ፣ አብረን እንሞክረው።»

ስንዱ ቀስ ብላ ዞረች። አፏን ከፈተች። አኘከች፣ አኘከችና ዋጠች። ከዚያም፦ «ጨው አንሶታል፣ እማማ» አለች።

እመት ደብሪቱም፦ «ጨው ላምጣ» ብለው ወጡ። ከቤቱ ኋላ ሄዱና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ጨዉንም ይዘው ተመለሱ።

ስንዱ እየበላች፦ «ድስት ተሸፍኖ ከደጅ በገባ ቁጥር መርዶ የገባ ይመስለኝ ነበር» አለች።

ወተቱ ወዲያው አልመጣም፤ መጀመሪያ ጠብታ ብቻ ነበር። ማታም ምስር ተሠራ፣ ጠዋትም ተሠራ፣ እሳቱም አልጠፋም። ከዚያም አንድ ጠዋት ጡቷ አጋተ። ሕፃኗም ስባ ስባ፣ አነሰኝ ብላ ጮኸች። ያን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ ከየደጁ እልል አለ፤ በለቅሶ ቤት እልልታ ነውር መሆኑንም ማንም አላስታወሰም።

የጎቪንድ እግር ሲድን መንገዱን ሄደ። የዚያ መንደር ሴቶች ግን ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት የበሰለ ምግብ ይዘው መሄድ ተዉ። ጥሬ ምስርና እንጨት ይሸከማሉ። እዚያው እሳት ያነዳሉ፣ እዚያው ይጥዳሉ፣ ሐዘንተኛዋንም፦ «እስቲ ጨዉን ቅመሺልን» ይሏታል።

ተረቴን መልሱ፤ ምስሩንም እኔው ምድጃ ላይ ጥዳችሁ፣ በትኩሱ አፌን አብሱ።