ባላምባራስ ይርዳውና ሁለት እግር የነበራት በቅሎ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በረቱን ዝጉና ወደ እኔ ጠጋ በሉ። ዐይኔ እንደሆነ ከድቶኛል። ትናንት ማታ ጉቶውን ውሻ መስሎኝ «ሂድ ከዚህ!» እያልኩ ስቆጣ አመሸሁ፤ እሱም አልሄደ፣ እኔም አልተውኩት። እንግዲህ ስለ ዐይን የምታወራላችሁ እንዲህ ያለች ሴት ናት።

በድሮ ዘመን ባላምባራስ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ያላቸው አንዲት ዳማ በቅሎና ብዙ ኩራት ነው። በእግራቸው አይሄዱም፤ ከጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ በበቅሎ ነው።

አንድ ቀን በማኅበር ቤት ጠላው ሲቀዳ ዋለና ባላምባራስም ሲጠጡ ዋሉ። ከብት ሲገባ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዚያችው ሰዓት ጓንጉል የሚባል ገበሬ ወንዝ ዳር ተወግቶ ሞተ። በማግስቱ አገሩ ለለቅሶ ሲሰበሰብ ባላምባራስ ብድግ አሉና፦

«እኔ በዐይኔ አይቻለሁ! ወንዙን ስሻገር፣ ከማዶ ጥቁር ባርኖስ የለበሰ ሰው ጓንጉልን በጦር ሲወጋው አየሁ። ሽባባው ነው!» አሉ።

ሽባባው የጓንጉል ጎረቤት ነበር። በድንበር ተጣልተዋል፤ ጥቁር ባርኖስም አለው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ያዙና በሰንሰለት አሰሩት።

ከዚያም ዳኛው ከዋርካው ሥር ተቀመጠና ችሎት ሆነ። በዚያ ዘመን የገደለ ይገደላል። የሽባባው ሚስት ጥሩዬ ልጇን አዝላ ከፊት ቆመች። ዳኛውም፦

«ጓንጉል ሲሞት አንተ የት ነበርክ?» ሲል ጠየቀ።

ሽባባውም፦ «ጌታዬ፣ ባላምባራስን አዝዬ ወንዙን እያሻገርኩ ነበር። ከማኅበሩ ቤት ደጃፍ ወድቀው አገኘኋቸውና ቤታቸው አደረስኳቸው» አለ።

አገሩ ሳቀ። ባላምባራስ ግን ደማቸው ፈላ።

«እኔን? በሰው ጀርባ? እኔ የሄድኩት በዳማዬ ነው! ሐሰት ከሆነ በቅሎዬ ትወረስ!»

የአገሩ ልማድ እንዲህ ነበር፤ በችሎት የተወራረደ ሰው ያስያዘውን አምጥቶ ያሳያል። በቅሎዋ ተጎትታ መጣች። ዳኛውም ዞር ዞር ብሎ አያትና፦

«ባላምባራስ፣ ይቺ በቅሎኮ ጀርባዋ ተገጥቧል። ምን አገኛት?» አለ።

ባላምባራስም፦ «እሱማ ያ መሪጌታ ነው! ኮርቻ መጫን የማያውቅ! ተውሶኝ ገበያ ሄዶ...» አሉና ቀኑን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

መቼ ነበር የተዋሳቸው? የማኅበሩ ዕለት ጧት፣ እሳቸውን ከማኅበሩ ቤት ካደረሰች በኋላ። መቼ መለሰላቸው? በማግስቱ ማታ።

ታዲያ ያን ምሽት ማን ላይ ተቀምጬ ነበር? ብለው አሰቡ። ያቺ በቅሎ ታስል ነበር። ጎኗን በተረከዝ ሲመቷት «ቀስ ይበሉ ጌታዬ» ብላለች። ምን ያለች ጨዋ በቅሎ ናት! ብለው መደሰታቸውም ትዝ አላቸው።

መሪጌታው ሩቅ አገር ሄዷል። ይህን ነገር ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ቢሉ ክብራቸው ይተርፋል፣ ሽባባው ግን ይሞታል። ቢናገሩ መሳቂያ ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ በሐሰት የመሰከረ በሰው ላይ ሊያስፈርድ የነበረውን ራሱ ይቀበላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ባላምባራስ ፈሩ። እጅግ ፈሩ። ቀና ቢሉ ጥሩዬ ዳኛውን አታይም፤ የምታየው የእሳቸውን አፍ ነው።

ባላምባራስም ጎንበስ አሉና፦

«ጌታዬ፣ የማኅበሩ ዕለት ዳማ ከመሪጌታ ጋር ገበያ ነበረች። እኔን የተሸከመችኝ በቅሎ ሌላ ናት። ያቻት፣ በሰንሰለት ታስራ ቆማለች!» ብለው ወደ ሽባባው ጠቆሙ።

አገሩ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ግን አልሳቀም።

«ታዲያ ከማዶ ያዩት ሰውስ?»

«ከሥሬ ያለውን ሰው በቅሎ ነው ያልኩ ሰውዬ፣ ከማዶ ያለውን ማን ብዬ ልለየው? ባርኖሱን አይቻለሁ። ፊቱን ያበጁልኝ ግን ጠላውና ወሬው ናቸው።»

ሰንሰለቱ ተፈታ። ገዳዩም ኋላ አገሩ ተሰብስቦ በአውጫጭኝ ሲመረምር ተገኘ። ዳኛውም ሽባባውን፦

«እንግዲህ ሕጉ የባላምባራስን ነፍስ ለአንተ ሰጥቷል። ምን ትላለህ?» አለው።

ሽባባውም ጎኑን እያሻሸ፦ «ነፍሳቸውን ምን ላደርገው ጌታዬ? ማኅበር በደረሰ ቁጥር ይህን ነገር ራሳቸው ቆመው ያውሩት» አለ።

«ኧረ ግደለኝ ይሻላል!» አሉ ባላምባራስ።

ግን ቃል ቃል ነውና አወሩት። በመጀመሪያው ማኅበር ላብ አጠመቃቸው። በሁለተኛው ትንሽ ጨመር አደረጉበት። ኋላማ በአራት እግራቸው እየሄዱ፣ እያሳሉ፣ «ቀስ ይበሉ ጌታዬ» እያሉ ሆነ። አገሩም ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ጥሩዬ ብቻ አትስቅም ነበር። ለሁሉም ጠላ እየቀዳች ትመጣና፣ ባላምባራስ ዘንድ ስትደርስ ማሰሮዋን ትለውጣለች። ለእሳቸው ውሃ ትቀዳላቸዋለች። እሳቸውም ተቀብለው ይጠጡት ነበር።

በሉ፣ ተረቴን ተረክባችሁ አፌን ባዶውን እንዳትተውት፤ ዳቦ አምጡና አብሱልኝ። ዳር ዳሩን ሳይሆን መሐሉን፤ ጥርስ የለኝም።