ዘጠኙ የከሰል ጭረት

አንድ መምህር ነበረ።

ስሙ ይቅርብን፤ ለምነግርሽ ነገር አያስፈልግም። ብርነሽ፣ ትናንት በአጥሩ ቀዳዳ ጠርተሽ፣ «ባሌ ለሥራ በሄደበት አገር ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ልጄን ጥሩልኝ ይላል። ልጄ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የእንግሊዝኛ ውድድር ልትፈተን ስምንት ቀን ቀርቷታል። አሁን ልንገራት ወይስ ትጨርስ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ዝም ብዬሽ ገባሁ። እኔ ተጠይቄ ዝም እንደማልል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዝም ያልኩት ይህን ሰው አስታውሼ ነው። ስናገረው እንዳይበላሽብኝ በልጄ ደብተር ላይ ጻፍኩልሽ፤ ፊደሌን ታግሰሽ አንብቢው።

መምህሩ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ካሉት የኪራይ ቤቶች አንዷን ይዞ ይኖር ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። የተወለደው ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ገጠር ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታ አባቱ ብቻውን አሳደገው። አባትየው ስልክ የለውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ከአንድ ባለሱቅ ተውሶ ይደውላል። በግድግዳው በኩል የሚሰማው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «አቤት አባዬ። ደህና ነኝ አባዬ። አዎ፣ በልቻለሁ።» ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ክፍል ሲገባ ስድሳ ልጅ ጸጥ የሚልለት ሰው፣ መብላቱን ለአባቱ ይናገራል።

አንድ ምኞት ነበረው። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በዓመት አንዴ በእንግሊዝኛ ቋንቋ አወዳድሮ አምስት ሰው ብቻ ይወስዳል። ያለፈ እዚያው እየኖረ ይማራል፤ ሲጨርስም አስተማሪ ሆኖ ይቀራል። ያው አሁን ልጅሽ የምትዘጋጅበት ነው። መምህሩ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቴም ወድቋል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አንቀበልም ስለሚሉ ያ ዓመት የመጨረሻው ነበር።

አጠናኑን ብታዪ ታዝኚለት ነበር። የድሮ ፈተናዎችን ፎቶ ኮፒ ከየትም ከየትም ለቃቅሞ በስፌት ክር ጠርዟቸዋል። መልሱን በእርሳስ ይሠራል፣ ያርማል፣ በላጲስ ያጠፋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ወረቀቱ ከመላጉ ብዛት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደግሞ በየቀኑ አንድ ድርሰት ይጽፍና በሩን ዘግቶ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ፈታኞቹ ድርሰት አጽፈው ፊታቸው ያስነብባሉ አሉ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጣለው ይኸው ነው። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ግቢው በሙሉ ወደደም ጠላም እንግሊዝኛ ሲሰማ ይውላል።

ከግድግዳው ማዶ አንዲት ጎረቤት ነበረች። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ ዓይኗ ግን የሚያመልጠው ነገር የለም። ማን ከማን ጋር እንደታየ፣ የማን ቤት ድስት ሳይጣድ እንደዋለ፣ የማን ልጅ በማን ጫማ እንደወጣ እሷ ጋ ይገኛል። አፏም አያርፍም። መምህሩን ግን ትወደው ነበር። ጠዋት በር ላይ ስታገኘው፣

«ና እስቲ፣ ዛሬ በእኔ ተለማመድ» ትለዋለች።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ እትዬ» ይላታል ሳቁን አፍኖ።

«የስ።»

«እትዬ፣ ለዚህ እኮ የስ አይባልም።»

«ፈታኙ አንተ ነህ እንዴ? እኔ ለራሴ አልፌያለሁ።»

ግቢው ይስቃል። ሴትዮዋ «የእኛ መምህር ዘንድሮ ያልፋል» ብላ በወፍጮ ቤት፣ በእድር፣ በጸበል ሰልፍ ላይ ሳይቀር ተናግራለች። ከመናገር ብዛት የእሱ ማለፍ የእሷ ክብር ሆኖ ነበር። ይህን ልብ በይልኝ።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ገጠሬ ሰው ግቢው በር ላይ ቆመ። የመምህሩ አጎት ነው። እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው፤ ከንፈሩ በውሃ ጥም ደርቋል። የከፈተችለት ያቺ ጎረቤት ናት።

«ወንድሜ ታሟል» አላት። «እህል ካስጠላው ሰነበተ። ልጄን ጥሩልኝ፣ ዓይኑን ልየው ብሏል። ይዤው ልሄድ ነው የመጣሁ።»

ሴትዮዋ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ የመምህሩን በር አየች። ተዘግቷል። ድምፁ ከውስጥ ይሰማል፤ የዕለቱን ድርሰት እያነበበ ነው።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ከወሰዱት የሦስት ዓመት ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው። ከእንግዲህ ደግሞ ዕድሜው አይፈቅድለትም። አባቱስ ቢሆኑ የሚመኙለት ማለፉን አይደለም?»

«እሱስ ነው።»

«በሽተኛው ይናገራሉ?»

«ይናገራል። ደገፍ ካረጉት ይቀመጣል።»

«እንግዲያ ዘጠኝ ቀን ምን አላት? ፈተናውን እንደጨረሰ እኔው ራሴ መኪና አሳፍሬ እልከዋለሁ።»

አጎትየው የሚያደርገው ጠፍቶት ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ጆሮውን ወደተዘጋው በር አዘነበለ።

«ይሄ የሱ ድምፅ አይደለም?»

«ነው።»

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ፈተናውን ነዋ» አለችው።

እዚህ ላይ ዋሸች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ነገር ግን ስንት ወር በግድግዳ ስትሰማ ከርማ ሁለት ሦስት ቃል ለይታለች። ከዚያ በር ውስጥ በየመሀሉ የሚወጣው «ማይ ፋዘር፣ ማይ ፋዘር» የሚል ነበር። መምህሩ ያን ዕለት የጻፈው ስለ አባቱ ነው። አባትየው ከግማሽ ቀን መንገድ ላይ ልጁን ይጠራል፤ ልጁ ከአሥር እርምጃ ላይ አባቱን ይጠራል፤ በመካከላቸው እሷ የበሩን መዝጊያ ይዛ ቆማለች። አጎትየው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ግዕዝ የማያውቅ ሰው ቅዳሴ እንደሚሰማ ጥቂት አዳመጠ። የሰጠችውን ውሃ ጠጣ። ሄደ።

ክፋት አልነበረባትም። የግቢውን ሰው ሰብስባ ስትነግር ሁሉም ራሱን ነቀነቀላት። መቼም ልማዳችን ነው፤ ተፈታኝ ባለበት ቤት ሰው ቢሞት መርዶው እስከ ፈተናው ማግስት ይቆያል። «ሞት እንኳ ይደበቅ የለም? ሕመም ቢደበቅ ምን ነውር አለው?» አለቻቸው። መልስ ያገኘ የለም።

በቅዳሜው ስልኩ ሳይጮኽ ዋለ። መምህሩ ደጅ ወጥቶ፣ «አባዬ ዛሬ ምን ነካው?» ቢል፣ «በዚያ በኩል ኔትወርክ ጠፍቷል እያሉ ነው» አለችው። ቀድማ ያዘጋጀችው ነው። አመናት፤ በተከታዮቹ ቅዳሜዎችም ይህንኑ ደገመችለት።

ፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው በሦስት ሳምንት ተራዘመ የሚል ወሬ መጣ። መምህሩ ደስ አለው። ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር፤ አባትየው በሕይወት አለ። ልጁ ሄዶ ዓይቶት፣ አንድ ሳምንት አስታሞት፣ ተመልሶ ይፈተን ነበር። አንዷ ተከራይ እንኳ፣ «ኧረ አሁንማ እንንገረው» ብላ ነበር።

«ልቡ ለሁለት ተከፍሎ ምን ያጠናል?» አለች ሴትዮዋ። «ደግሞስ እስከዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ ቢለን ምን ልንል ነው?»

አየሽ ብርነሽ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጠብቀው የእሱን ፈተና አልነበረም። የራሷን ውሸት ነበር። አጎትየው መጥቶ በሄደ በአሥረኛው ቀን ቢያስደውልላት፣ «ተራዝሟል፣ ትንሽ ታገሱ» አለችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደገና አስደወለ። አባትየው ሞቷል።

አሁንማ ልማዱም ከእሷ ጋር ቆመ። ቀብሩ ያለ ልጅ ሆነ። በግቢው ውስጥ ሴቶቹ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻሻቸውን ቀይረው፣ እንደ ወትሮው «እንዴት አደርክ» ይሉታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩ ወረቀት ይዞ ከቤቱ ወጣ። ስለ አባቱ የጻፈውን ድርሰት ደጋግሞ አርሞ ጨርሶታል።

«እንግሊዝኛውን ስታዳምጡልኝ ከረማችሁ፤ አማርኛውን ልንገራችሁ» ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «አባቴ በሬዎቹን በስማቸው ይጠራል፤ እኔን ግን አንተ ልጅ ነው የሚለኝ። እንደምመጣ ከሰማ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ዝናብ ቢመታው ሳልደርስ አይገባም።»

በበሬዎቹ ነገር ሳቁለት። ስለ ድንጋዩ ሲናገር አንዷ ማሰሮ ጥጄ ረሳሁ ብላ ሮጠች። ሴትዮዋ ግን እስኪጨርስ ቁጭ ብላ ሰማች፤ «ግሩም ነው፣ ይሄን ጽፈህ የሚጥልህ የለም» አለችው።

ደግሞም ልክ ነበረች። ፈተናው ላይ ስለምታውቁት አንድ ሰው ጻፉ ተባሉ፤ ስለ አባቱ ጻፈ፤ ቆሞ አነበበ። ደስ ብሎት ተመለሰ። «ነገ በጠዋት አባዬ ጋ ልሄድ ነው» ብሎ ልብሱን በቦርሳ አዘጋጀ።

ሲነጋ በሩን ሲከፍት የእድሩ ሽማግሌ፣ አጎቱና የግቢው ሰው ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ማንም ሳይናገር ገባው። የሆነውን አልነግርሽም፤ መርዶ አይተሽ ታውቂያለሽ። በኋላ፣ ድምፁ ሲመለስለት፣ «መቼ ነው?» አለ። ሽማግሌው ቀኑን ነገሩት። በልቡ ቆጠረ።

«ታሞ ነበር?»

ሽማግሌው ወደ አጎትየው ዞሩ።

«ጠርቶኝ ነበር?»

አጎትየው ሊዋሽ አልቻለም።

«ጠርቶሃል። ልወስድህ መጥቼ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል አሉኝ። ሄጄ ነገርሁት። እሺ አለ። ካልጋው አጠገብ ግርግዳው ላይ በከሰል ዘጠኝ ጭረት አስጫረኝ፤ ጠዋት ጠዋት አንዷን በመዳፉ ያጠፋታል። የመጨረሻዋን ያጠፋ ለት ደጅ አውጡኝ አለ። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥነው። ሳይመሽ አልገባም አለ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በማግስቱም። ባራተኛው ቀን መነሳት አቃተው።»

«ዘጠኝ ቀን ነው ያለው ማን ነው?»

አጎትየው ስም አልጠራም። ዓይኑ ግን ሄደ፤ የመምህሩም ዓይን ተከትሎት ሄደ።

አልጮኸባትም። አልሰደባትም። ቢሰድባት እፎይ ባለች።

ፈተናውንማ አለፈ። ከአምስቱ አንዱ ሆነ። «ታዲያ ሠራለታ» ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ እዚያው አስተማሪ ሆኗል፣ ደሞዝተኛ ነው፣ መነጽር አድርጓል። በየዓመቱ አንዴ ግቢውን ለመጠየቅ ይመጣል። ሽማግሌውን «እንዴት ከረሙ» ይላል፣ ልጆቹን በስማቸው ይጠራል፣ ከሁሉም ጋር ይጫወታል። ሴትዮዋ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ይላታል። እትዬ የለ፣ ሳቅ የለ። ከመርዶው ቀን ወዲህ አንድ የአማርኛ ቃል ሰጥቷት አያውቅም። አንዳንዴ ረዘም ያለ ነገር ይናገራል፤ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ። ይርገማት ይማራት አታውቅም። ሰው ጠርታ እንዳታስተረጉም ትፈራለች። «የስ» ማለትም አቅቷታል።

ብርነሽ፣ ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ። ቤቷ ከአጥርሽ ማዶ ነው። የሰው ወሬ አሳድሬ የማላውቅ ሴት፣ በዕድሜዬ አንድ ወሬ ብቻ ደበቅሁ፤ እሱም ሮጬ መናገር የነበረብኝ ነው።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስልሽ። የሞተ ሰው አይጠብቅም፤ መርዶው ቢቆይ ይቆያል፣ አባቶቻችን ይህን አውቀው ነው ያስቆዩት። የታመመ ሰው ግን ይጠብቃል። ያን ቀን የጠፋን መልስ ይቺ ብቻ ናት። ልጅሽ በተዘጋው በር ውስጥ የሚያነበው መምህር ናት። ባልሽ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። መዝጊያውን ይዘሽ የቆምሽው ደግሞ ዛሬ አንቺ ነሽ፤ እኔ የቆምኩበት ላይ። ስምንት ቀን ምን አላት እያልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ዘጠኝ ምን አላት ብዬ ነበር።

ፈተናው ያመልጣት ይሆናል፤ አልዋሽሽም፣ ውሸት በቅቶኛል። ታለቅስብሻለች። ምን አለ ባትነግሪኝ ብላ ትቆጣሽም ይሆናል። ግን በሚገባሽ ቋንቋ ነው የምትቆጣሽ።

ይህን እየጻፍኩ ድምፅዋ በአጥሩ በኩል ይመጣል፤ እያነበበች ነው። ደብተሩን አስቀምጪና ሄደሽ በሯን አንኳኪ።