የአንድ አባት ልጆች

ይህን ምስጢር ለአሥራ አራት ዓመት ደብቄዋለሁ፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይቀላል።

በስደት በምኖርበት ከተማ ሳለሁ ለአንድ ኤምባሲ አስተረጉም ነበር። አንዲት ቲማቲም ቸርቻሪ ስደተኛ በቤተሰብ ቪዛ ባሏ ዘንድ ለመሄድ ሦስት ዓመት ጠብቃ ቀረበች። ጎረቤቶቿ በደላላ፣ በባሕር እንድትሄድ ሲወተውቷት፣ «ባሌ የሚፈልገኝ ከነነፍሴ ነው» ብላ እምቢ ያለች ናት። ዛሬ ከተከለከለች ግን ሌላ መንገድ የላትም።

ቆንስሉ ከረባቱን አስተካክሎ ወረቀቷን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«የባልሽ የመጨረሻ ስም ስዩም ነው፤ ያንቺ አጥናፉ። ስማችሁ እንኳ አይገናኝም! ሚስቱ ነኝ ብለሽ ልታታልይኝ ነው?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ግን አስተርጓሚ ነኝ፣ ደግሞም ዓይን አፋር ነኝ። የተናገረውን ብቻ ነገርኳት። እሷ ሳቀች።

«ጌታዬ፣ ስዩም የእሱ አባት ነው፣ አጥናፉ የእኔ። አባታችን አንድ ቢሆን ኖሮ ነበር እኔን መከልከል!»

ስተረጉምለት ቆንስሉ ቲማቲም መሰለ። ማኅተሙን አንስቶ ፈቃዱ ላይ አሳረፈና፣ «በእኛ አገርማ ሚስት የምትጠራው በባሏ ቤተሰብ ስም ነው» ብሎ አጉረመረመ።

ይህንንም ነገርኳት። ወረቀቷን ጉያዋ ከትታ በአዘኔታ አየችው።

«ውይ በሞትኩት! ታዲያ ሚስታቸውንና እህታቸውን በምን ይለያሉ?»

«ምን አለች?» አለኝ ቆንስሉ።

«ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ብላለች» አልኩት።