ጅብና የጉማሬው «ሬሳ»

አንድ ጊዜ ውሃ ልትጠጣ ሐይቅ ዳር የወረደች አህያ ጅብ እጅ ወደቀች። ጅቡ ከገደሉ ጋር አጣብቆ ያዛትና «ከየት ልጀምር?» እያለ ዙሪያዋን ይዞር ጀመር። ጅብ ምግብ ፊት ሲቆም የሚያስጨንቀው ይኸው ብቻ ነው።

የአህያዋ ወዳጅ ቀበሮ ይህን ከቁጥቋጦ ሥር ሆና አየች። በጉልበት እንደማትችለው ስለምታውቅ፣ ደረቷን እየደቃች ብቅ አለች።

«ወይኔ ጉማሬ! ወይኔ ጎረቤቴ!»

«ምን ሆነ?» አለ ጅቡ።

«አያ ጅቦ፣ አልሰማህም እንዴ? ውሃ ውስጥ ከተደፋ ቆየ። ያ የሚታየው ጀርባው ነው። ይህን ያህል ሳይተነፍስ የሚኖር አለ? እስቲ አንተም ትንፋሽህን ያዝና ሞክረው።»

ጅቡ አፍንጫውን በመዳፉ ደፈነ። ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ወዲያው «እፎይ!» ብሎ ለቀቀው። ጉማሬው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ሞቷል!» አለ ጅቡ ለሃጩን እያዝረበረበ።

ይህን የሰማች ዓሣ ከውሃው ብቅ አለች። «ኧረ ተው፣ ሁሉም እንዳንተ አይተነፍስም። እኔ አየሩን ከውሃው ውስጥ ከጭንቅላቴ ጎን ባለው ስንጥቤ ነው የምስበው።»

«እኔም ውሃ ውስጥ ስሆን በቆዳዬ እተነፍሳለሁ» አለች እንቁራሪት። «ጉማሬ እንዳንተና እንደ ሰው በአፍንጫው ነው፤ ብቻ አንዴ ከሳበ ብዙ ያቆየዋል።»

ቀበሮ ተንኮሏ የተነቃባት መስሏት ደነገጠች። ጅቡ ግን ሳቀ።

«በቆዳ መተንፈስ! ለቅሶ ላይ ቀልድ አይወራም። ጅብ ያልቻለውን ማን ይችለዋል?» አለና ወደ አህያዋ ዞረ። «አንቺን አሁን፣ እሱን በኋላ።»

«ያን ሁሉ ሥጋ ታዲያ ማን ሊሸከምልህ ነው?» አለች ቀበሮ ቶሎ ብላ።

ጅቡ አሰበ። ማሰብ ስለሚከብደው ትንሽ ቆየ።

«እውነትሽን ነው። አንቺ አህያ፣ እዚሁ ጠብቂኝ!»

«እሺ ጌታዬ» አለች አህያዋ። ጀርባውን ሲሰጣት እሷም ቀበሮም አቀበቱን ተያያዙት።

ጅቡ ዋኝቶ ደረሰና ጥርሱን የጉማሬው ጀርባ ላይ ተከለ። ጉማሬው «ፉፍ!» ብሎ ተነፈሰና ቀና አለ።

«ልትበላኝ ነው? እንግዲያው እኔ ዘንድ ቆይ።» አዲስ ትንፋሽ ሳበና ጅቡን ከሥሩ ደፍቆ ተኛ። ለእሱ አጭር እንቅልፍ ነበረች።

ሲለቀው ማዕበሉ ጅቡን ዳር ላይ ተፋው። አንድ አሞራ አጠገቡ አረፈና አየው።

«አይንቀሳቀስም። ሞቷል» አለ አሞራው።

«ኧረ ቆይ፣ ትንፋሹን አዳምጥ!» አለች እንቁራሪቷ።

«የእኔን ትንፋሽ ያህል አይሰማም» አለ አሞራው።

ጅቡ «አልሞትኩም!» ሊል አፉን ከፈተ። መናገሪያ ትንፋሽ ግን አልነበረውም። አሞራውም ከየት ልጀምር ብሎ አልተጨነቀም፤ ከጆሮው ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ሁሉ በራሱ ትንፋሽ የሚለካ፣ እሱም አንድ ቀን በሌላው ትንፋሽ እንደሚለካ ነው።