አንዲት የጡሩምባ ድምፅ

ተረት ልንገራችሁ፤ «እህ» እያላችሁ ስሙኝ።

ባለቤቴ አጥናፉ አንዲት ነገር ፈለገ፤ የዕድራችን ጡሩምባ ለስብሰባ እንዲነፋ። ሰብሳቢያችንን ጥሩነህን ለሁለት ዓመት ነበር እጅ አውጥተን የመረጥነው። ዘመኑ ሲያልቅ «ለጊዜው ልቆይ» አለ። ያ «ለጊዜው» ዓመት በዓመት ላይ ወለደ። ጡሩምባ ካልተነፋ አባል አይሰበሰብም፤ አባል ካልተሰበሰበ ምርጫ የለም።

አጥናፉ ወደ ጡሩምባ ነፊው ሄደ። «ዳምጤ፣ ንፋልን።»

«ጋሼ፣ ጡሩምባው እቃ ቤት ተቆልፎበታል። በምን ልንፋ፣ በአፍንጫዬ?»

ወደ እቃ ቤት ጠባቂዋ ሄደ። «አስካለ፣ ክፈቺ። አንቺ አልከፍት ብለሽ ዳምጤ አልነፋ አለ።»

«ጸሐፊው ሳያዘኝ? ይተዉኝ እንጂ ጋሼ!»

ወደ ጸሐፊው ሄደ። «ልሳኑ፣ እዘዝ። አንተ አላዝ ብለህ አስካለ አልከፍት አለች፤ አስካለ አልከፍት ብላ ዳምጤ አልነፋ አለ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? ሰብሳቢው ይፍቀድ።»

ወደ ሰብሳቢው ሄደ። «ጥሩነህ፣ ፍቀድ። አንተ አልፈቅድ ብለህ ልሳኑ አላዝ አለ፤ ልሳኑ አላዝ ብሎ አስካለ አልከፍት አለች፤ አስካለ አልከፍት ብላ ዳምጤ አልነፋ አለ።»

ጥሩነህ ሳቀ። «ጉባኤው ሳይወስን ጉባኤ አልጠራም።»

«ጉባኤው ካልተጠራ እንዴት ይወስናል?»

«እሱንም ጉባኤው ይወስን! አንተ ግን ከዕድሩ ተሰርዘሃል። ማን እንደሚቀብርህ አያለሁ።»

ሰው ሁሉ ፈራ። ለተሰረዘ ሰው ድንኳን አይተከልም፤ ጡሩምባም አይነፋም። አጥናፉ ግን ማንንም ሳይሰድብ፣ የማንንም ሰላምታ ሳያጓድል፣ ከዳምጤ ወደ አስካለ፣ ከአስካለ ወደ ልሳኑ፣ ከልሳኑ ወደ ጥሩነህ መመላለሱን አልተወም።

«ኧረ ቀብርህን አስብ!» እለው ነበር።

«ሬሳ መንገድ አይጠፋበትም» ይለኝ ነበር።

አንድ የክረምት ማለዳ ወደ ዕድሩ ሳይመለስ ሞተ። ብቻዬን ጮህኩ።

እኔ ብጮህ አስካለ ሰማች፤ ልሳኑን ሳትጠይቅ ከፈተች። አስካለ ብትከፍት ዳምጤ ነፋ። ዳምጤ ቢነፋ አባሉ ነቅሎ ወጣ። አባሉ ቢወጣ ልሳኑ «ድንኳን ትከሉ» ብሎ አዘዘ። ልሳኑ ቢያዝ ጥሩነህ «ማን ፈቀደ?» እያለ መጣ፤ ሰዉ ድንኳኑን መትከሉን ቀጠለ።

ከቀብር መልስ ዳምጤ ድንኳኑ ውስጥ ተነሣ። «ጉባኤው ሞልቷል። ሰብሳቢ ይመረጥ!»

«ዛሬ እኮ ለቅሶ ነው!» አለ ጥሩነህ።

«ሟቹ የእኔ ነው» አልኩት። «ምረጡ።»

እጅ ወጣ፤ ጥሩነህ ወረደ፤ አስካለ ተመረጠች። የመጀመሪያው ውሳኔ አጥናፉን ወደ አባልነቱ መመለስ ሆነ። ከአባላቱ ሁሉ ያን ቀን ከጉባኤው የቀረው እሱ ብቻ ነበር።