የሳጥኑ ጭራ

ስሟን ባንጠራው የሚቀርባት ነገር የለም፤ ከወርቃማ ወንዝ ዳር የተቀመጠች አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ባሏ የሞተባት ሴት አትለምንም ይባል ነበር። መንገደኛ ይህን ሰምቶ ይደነቃል፤ ነጋዴ በየደረሰበት ያወራዋል፤ የመስጊዱ ኢማምም በየኹጥባው አላህ ይህን ሕዝብ እዝነት ሰጠው እያሉ ያመሰግኑ ነበር።

በዚያች ከተማ ሼህ ሚስባሕ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። እጃቸው ከእንጨት፣ ምላሳቸው አላህን ከማውሳት፣ ከዚክር የማይለይ ሰው ናቸው። ልጆች ቁርአን የሚቀሩበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሎህ፣ የሚጠርቡት እሳቸው፣ ጀናዛ የሚወጣበትን ቃሬዛ የሚጠግኑት እሳቸው፣ ለወርቅ አጣቢው ማጠቢያ ሳጥን የሚሠሩትም እሳቸው ነበሩ። በጋ ሲገባ ደግሞ እንደ ሰዉ ሁሉ ወንዝ ወርደው ያጥባሉ።

ሳጥኑ ላይኛውና ታችኛው ጫፉ ክፍት የሆነ ረጅም የጣውላ ገንዳ ነው። ዘቅዘቅ አድርገው ወራጁ ውሃ ላይ ያስቀምጡታል። ወለሉ ላይ አግድም የተመቱ ቀጫጭን እንጨቶች አሉ። አፈሩንና ጠጠሩን ከላይ ሲጨምሩበት ውሃው አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ወርቁ ከባድ ነውና እንጨቶቹ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ሁሉም ግን አይቀርም። እንደ ዱቄት የላመው ከውሃው ጋር አምልጦ በታችኛው አፍ ይወጣል። ያንን አፍ ጭራ ይሉታል።

ጭራው ደግሞ ባለቤት ነበረው። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ከየሳጥኑ ጭራ በታች ገበቴያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ያመለጠውን እያዘወሩ እያጠቡ ያወጣሉ፤ ሸጠውም ልጆቻቸውን ያበላሉ። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ ሰው የለም። በሰው ጭራ ላይ ሳጥን መትከል ግን ነውር ነበር፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነውር።

ሼህ ሚስባሕ ሲያረጁ ጉልበታቸው ከዳቸው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ከሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ መልቀም አቃታቸው፤ ለሶላት ሩኩዕ ወርደው ቀና ማለት እስኪቸግራቸው ድረስ ወገባቸው ተያዘ። እንግዲህ አናጢ ሰው ሲቸግረው የሚያስበው በእንጨት ነው። አንድ በጋ ሳጥናቸውን አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ከላይኛው አፍ ላይ በምስማር የተበሳሳ ቆርቆሮ አጋደሙበት፤ ድንጋዩ በራሱ እየተንከባለለ ወደ ጎን ወደቀ። ውሃው እንዳይጣደፍ ዝቅዝቃቱን ቀነሱት። ከእንጨቶቹ ሥር፣ ከላይ እስከ ጭራው ድረስ፣ ጠጉሩ ወደ ላይ የሆነ የፍየል ቆዳ አነጠፉበት። አጥበው ሲጨርሱ ቆዳውን አውጥተው በሳፋ ውሃ ቢያለቀልቁት የሳፋው ቂጥ ቢጫ ሆነ። ድሮ እያዩት የሚያመልጣቸው የላመ ወርቅ አንዱም ሳይቀር ጠጉሩ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

ሼሁ ይህን ለራሳቸው አልደበቁትም። ለመጣው ሁሉ አሳዩ፤ ላልቻለው ሠርተው ሰጡ፤ የእጅ ዋጋም አልተቀበሉ። በልባቸው የያዙት ኒያ ሰደቃ ጃሪያ ነበር፤ ሰው ከሞተ በኋላም የማይቋረጥ ምንዳ። ወገቡ ያረፈ ሁሉ ዱዓ አደረገላቸው። ከሁሉ ይበልጥ ብዙ ሳጥን ያስተከለው አልሙዘሚል የሚባል ወርቅ ነጋዴ ነበርና እሱ በጀመዓው ፊት፣ ሼኻችን ጀነትን በጣውላና በፍየል ቆዳ ገዟት እያለ ይቀልድ ነበር። እሳቸው አስተግፊሩላህ ይላሉ። ደስ ግን ብሏቸዋል። ሰው ናቸው።

ክረምቱ አልፎ ሁለተኛው በጋ ሲጋመስ፣ ወደ ማታ ከዐስር ሶላት በኋላ ዘይነባ መሥሪያ ቤታቸው ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች። ባሏ ጉድጓድ ተደርምሶበት የሞተባት፣ ልጆቿን በጭራ ውሃ የምታሳድግ ሴት ናት። በእጇ ገበቴዋን ይዛለች።

"ሼኻችን፣ ይቺን ይግዙኝ። እንጨቷ ደህና ናት፤ ማንኪያ ይወጣታል" አለች።

"ምነው ልጄ? ባልሽ የሞተ ጊዜ እኔው አይደለሁ የጠረብኩልሽ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያ አመመሽ?"

"አላመመኝም። ማሻአላህ፣ የእርስዎ ሳጥን ምንም አይጥልም።"

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ምርቃት መስሏቸው አሚን አሉ። የገበቴዋን ዋጋ ሰጥተዋት ሄደች። የመግሪብን ሶላት ሲሰግዱ ግን ያ ቃል እየመጣባቸው ፋቲሓውን ሁለቴ ሳቱት።

በማግስቱ የዘይነባን ገበቴ ይዘው ወንዝ ወረዱና ከገዛ ሳጥናቸው ጭራ በታች፣ እሷ ከምትቀመጥበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ አናታቸው ላይ እስክትደርስ አጠቡ። ከገበቴው ቂጥ ጥቁር አሸዋ ብቻ ቀረ። ቀና ብለው ወንዙን ሽቅብ ቢያዩት፣ በየሳጥኑ ጭራ ሥር ከነበሩት ሴቶች አንዲት እንኳ አልነበረችም። እሳቸው ሁለቱን በጋ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያጥቡ፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ተነሥተው ሲሄዱ አላዩም።

ጁምዓ ዕለት ከሶላት በኋላ ሰዉን አስቀመጡት። ቆርቆሮው ይቅር አላልኩም፣ ወገባችሁን አሳርፉ፤ ግን ወደ ጭራው ያለውን ቆዳ ቁረጡት፣ የላመው ይሂድ፣ የሴቶቹ ሐቅ ነው አሏቸው። ከዚያ አልሙዘሚል ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሼኻችን፣ እኛ ዘካችንን እናወጣለን። የጭራ ዘካ የሚባል የትኛው ኪታብ ላይ ነው ያለው?"

ሰዉ ሁሉ ወደ ሼሁ ዞረ። እዚህ ላይ አለ ቢሉ ያምናቸው ነበር፤ በዚያ መስጊድ ከእሳቸው የበለጠ የሚታመን አልነበረም። ትንሽ ዋሽተው የእነዚያን ልጆች እራት ማዳን ይችሉ ነበር። ሼሁም ይህን ያውቃሉ።

"ኪታብ ላይ የለም" አሉ። "በአላህ ዲን ላይ አልዋሽም። የለም።"

"በሉ እንግዲህ" አለ አልሙዘሚል።

እሳቸው ግን ቁርአን የሚያወሳቸውን የአትክልቱን ሰዎች አነሱላቸው፤ ሚስኪን ሳይደርስብን ማልደን እንለቅማለን ብለው የማሉትን፣ ሌሊቱን አትክልታቸው ነዶ ያደረባቸውን። ሰዉ አለቀሰ። ያንን ታሪክ በየረመዳኑ ሲሰማ ያለቅስ ነበርና ያን ቀንም ደህና አድርጎ አለቀሰ። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ አንድም ሰው ቆዳ አልቆረጠም።

ይልቅ ሽማግሌዎቹ መከሩና፣ በየጁምዓው መስጊዱ በር ላይ ለሴቶቹ እህል ይሰፈርላቸው ተባለ። ዘይነባ አንድ ጊዜ ተሰልፋ ነበር። ሰፋሪው አልሙዘሚል ነው። ስንት በጋ ሙሉ ከእጇ ወርቅ የገዛ ሰው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንቺ ደግሞ የማን ሚስት ነበርሽ ብሎ ጠየቃት። የባሏን ስም ተናግራ፣ እህሏን ተቀብላ ሄደች። ሁለተኛ አልመጣችም። ብዙም ሳይቆይ ስፍሩ ራሱ ተረሳ።

ሼህ ሚስባሕ የሰውን ሳጥን መንካት አይችሉም። የራሳቸውን ወስደው ቆዳውን ከጭራው ቀደዱት። አጣቢው ሁሉ ሳቀባቸው፤ ሼኹ ለዓሣ ዘካ ጀመሩ አሉ። ይህስ ባልከፋ። ሳምንት ሳይሞላ የአልሙዘሚል ሠራተኞች ከእሳቸው ጭራ ሥር ሳጥን ተከሉ። ያ ከአያት የመጣ ነውር በአንድ ጠዋት ነውር መሆኑ ቀረ። ሼሁ እየተንገዳገዱ ሄደው አልሙዘሚልን አገኙት።

"እሱ የአንተ አይደለም" አሉት።

"የእርስዎም አይደል፤ ጥለውታል። ለአላህ ብለው የጣሉት ከሆነ እኔም የአላህ ባሪያ ነኝ።"

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ሼሁ ሳጥናቸውን ነቅለው፣ በዚያ ወገባቸው እየጎተቱ፣ ከሁሉም ሳጥን በታች ወንዙ መጨረሻ ወሰዱት፤ ከሥራቸው ሌላ ሳጥን መትከያ ወደሌለበት ገደል አፋፍ። እዚያ የሚወርደው ሰው አጥቦ የጨረሰው ጠጠር ነው፤ የሚገኘውም ከእጅ ወደ አፍ አይበቃም። ሳጥኑን አደላደሉና የዘይነባን ገበቴ ይዘው፣ ነይ ቦታሽ ተገኝቷል ሊሏት ቤቷ ሄዱ። በሩ በገመድ ታስሯል። ጎረቤት፣ ልጆቿን ይዛ ከሄደች ሰነበተች አለቻቸው። ከታችኛው ከተማ የመጡ ነጋዴዎች እዚያ መስጊድ በር ላይ እጇን ዘርግታ አይተዋታል።

ባሏ የሞተባት ሴት በዚያች ከተማ አትለምንም የተባለው እንግዲህ ውሸት አልሆነም። ሌላ ከተማ ሄዳ ለመነች።

ከዚያ በኋላ በመጣው መውሊድ አንድ እንግዳ ዓሊም ከሩቅ መጡ። ምግብ ቀርቦ ሳለ፣ ስለዚህ ከተማ ደግነት በየአገሩ ሰምቻለሁ፣ ምን ሠርታችሁ ነው አላህ ይህን ልብ የሰጣችሁ ብለው ጠየቁ። አልሙዘሚልና ሌሎቹ አንገታቸውን በትሕትና ደፉ። ከጥግ ተቀምጠው የነበሩት ሼህ ሚስባሕ ግን መለሱ።

"ያ ሸይኽ፣ ደጉ እኛ አልነበርንም። ደጉ የሳጥናችን ቀዳዳ ነበር። እሱንም እኔ ደፈንኩት።"

ሼሁ ሳጥኑ ሐራም ነው አላሉም። ቆርቆሮውን እስከ መጨረሻው አልነቀሉትም፤ ወገብ ማሳረፍ ኃጢአት አይደለም። ያሉት ሌላ ነው። ስንሰጥ የኖርነው ወደን ነው ወይስ ስላመለጠን? በቀዳዳችን ስም ስንመሰገን ኖረን፣ ቀዳዳው ሲደፈን ነው እጃችን የሚታየው። ያን ቀን ደግሞ ኪታብ እንጠይቃለን፤ ኪታቡ ስለ ጭራ አላለም ብለን ደስ ይለናል።

ሲሞቱ ያንን ሳጥን በዱዓ እንዳያነሱባቸው ተናዝዘው ነበር። ሰዉ ግን ቀብራቸው ላይ፣ ያ ረቢ፣ ይህን ሳጥን ሰደቃ ጃሪያ አድርግላቸው እያለ እጁን ዘረጋ። እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የገባን። አላህ ይዘንላቸው፤ ለዘይነባም በር ይክፈትላት።