የአቶ ድንበሩ ፍላሽ

አቶ ድንበሩ የሚባሉ፣ ጥላቸውን እንኳ የማያምኑ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የይለፍ ቃል ሁሉ አንዲት ፍላሽ ውስጥ ከተቱና እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አሰሯት። ሠራተኛው በየጠዋቱ ተሰልፎ ኮምፒውተሩን ያስከፍታል። ፍላሿም የራሷ የይለፍ ቃል አላት፤ እሱን እንዳይረሱት ብለው እዚያችው ውስጥ አስቀመጡት።

ከፋሲካ ሲመለሱ ረሱት።

ምላሰኛዋን ጸሐፊያቸውን ጠርተው፣ "ያዘናጋሽኝ አንቺ ነሽ! እስከ ምሳ ሰዓት ፍላሿን ካልከፈትሽልኝ የስንብት ደብዳቤሽን ትቀበያለሽ!" ብለው ጮኹባት።

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

"እሺ ጌታዬ፤ ደብዳቤውን የምተይበው እኔው ነኝና፣ እባክዎ ኮምፒውተሬን ይክፈቱልኝ።"